ኳስ የማይችለው ተከላካይ፦ የጃክ ቻርልተን ሁለት ሕይወት



የዛሬው ንግግሬ ኳስ ስለማይችል ኳስ ተጫዋች ነው። ስሙን ላጠፋ ፈልጌ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚለው። እኔ መጫወት አልችልበትም፣ የሚችሉበትን ግን እንዳይጫወቱ ማድረግ እችላለሁ ይል ነበር ጃክ ቻርልተን። እንዲህ የሚለው ሰው በ1966 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ወስዷል፤ ለሊድስ ዩናይትድ 629 የሊግ ጨዋታ ተጫውቷል፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድም ትልቅ ውድድር ደርሳ የማታውቀውን የአየርላንድ ሪፐብሊክን በ1990 እስከ ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አድርሷታል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኃይለኛ ተከላካይ አሠልጣኝ ሲሆን ብዙዎቻችን ሳናየው እንፈርድበታለን። ይጮሃል፣ ልጆቹን ያስፈራራል፣ ቡድኑን ከኋላ ቆልፎ ይቀመጣል እንላለን። በጃክም ላይ ይህ ሁሉ ተብሏል፤ ከፊሉም እውነት ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መሃል ተከላካይ ጨዋታውን የሚያየው ሃያ ሰው ከፊቱ አድርጎ ነው። ሥራው በባላጋራው ጭንቅላት ማሰብ ነው፤ ይህ አጥቂ ምን ይወዳል? ምን ብነሳው ይበሳጫል? ጃክ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሲጠይቅ ኖሮ አሠልጣኝ ሲሆን ጥያቄውን ገለበጠው። እኔ ራሴ ተከላካይ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ምን ነበር? አለ። ያገኘውን መልስ በመላው አውሮፓ ተከላካዮች ላይ ተጠቀመበት። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ጃክ የተወለደው በግንቦት 1935 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ አሺንግተን በምትባል የከሰል ከተማ ነው። አባቱ ቦብ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ከኳስ ይልቅ ቦክስ የሚወድ ሰው። ኳሱ የመጣው በእናቱ በሲሲ በኩል ነው። የሲሲ አራት ወንድሞች ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የአጎቷ ልጅ ጃኪ ሚልበርን ደግሞ የኒውካስል ሕዝብ እንደ ጣዖት የሚያየው አጥቂ ነበር። አራቱ የቻርልተን ልጆች አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ከአራቱ አንዱ ቦቢ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ አገር ምድሩ የመሰከረለት ቦቢ ቻርልተን። ጃክ ግን እግሩ የረዘመ፣ ወንዝ ለወንዝ ዓሣ ሲያጠምድ የሚውል ልጅ ነበር። የሊድስ ደጋፊዎች ኋላ «ቀጭኔ» የሚል ስም አወጡለት።

በ15 ዓመቱ እንደ አባቱ ከሰል ማውጫ ገባ። ጉድጓድ ወርዶ አየውና በቃኝ ብሎ ወጣ። ፖሊስ ለመሆን አመለከተ። የፖሊሱ ቃለ መጠይቅና የሊድስ የሙከራ ጨዋታ አንድ ቀን ላይ ዋሉበት፤ ወደ ኳሱ ሄደ። ያን ቀን ወደ ፖሊሱ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ማታ እኔም እናንተም እዚህ ባልተቀመጥን ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው፤ ብዙ የሚነገር የላቸውም። በ1953 ለሊድስ ዋና ቡድን ተሰለፈ፣ ሁለት ዓመት ብሔራዊ ውትድርና አገለገለ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የምናገኘው ጃክ አስቸጋሪ ሰው ነው፤ ከአሠልጣኝ ጋር የሚጨቃጨቅ፣ ተከላካይነቱን ረስቶ ኳስ እየነዳ ወደ ፊት የሚሄድ። የቡድን ጓደኛው ዶን ሬቪ እኔ አሠልጣኝ ብሆን አንተን አላሰልፍህም ብሎት ያውቃል። በ1961 ሬቪ በእውነት አሠልጣኝ ሆነ። መሰነባበታቸው የማይቀር መስሎ ነበር፤ ሊቨርፑልና ማንቸስተር ዩናይትድም ጃክን ለመውሰድ ፈልገው ነበር። ሬቪ ግን አንድ ብልህ ነገር አደረገ፤ ይህን ተጨቃጫቂ ሰው የተከላካዩን መስመር አዛዥ አደረገው። ጃክ ተከላካዮች አንድ አንድ አጥቂ እየያዙ ሜዳ ለሜዳ መሯሯጣቸውን ትተው እያንዳንዳቸው ቦታቸውን እንዲጠብቁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚጨቃጨቀው ስለ ራሱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቡድኑ ሆነ። እኔ እንደማየው ጃክ አሠልጣኝነትን የጀመረው ያኔ ነው፤ ማለያ ለብሶ።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ሊድስ የማዕዘን ምት አግኝቷል እንበል። ጃክ ከኋላ እየተንገዳወለ ይመጣና የግቡ መስመር ላይ፣ ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር ይቆማል። አይገፋም፣ አይጎትትም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። በር ላይ ተገትሮ አላሳልፍ እንዳለ ሰካራም ነው። ግብ ጠባቂው ኳሱን ለማየት አንገቱን ወዲህ ወዲያ ያሰግጋል። ልውጣ ቢል የጃክ ጀርባ አለ። ልግፋው ቢል ዳኛው ያየዋል። እዚሁ ልቅር ቢል ኳሱ ጃክ ግንባር ላይ ያርፋል፤ ጃክን ከሳተም ከበስተኋላ ሮጦ የሚመጣው ጓደኛው ያገኘዋል። ሕጉ በሜዳው ላይ ቆመህ አትገኝ አይልም፤ ግብ ጠባቂዎቹ ግን ያማርሩ ነበር። አንድ ተከላካይ በሊግ ጨዋታ ብቻ 70 ጎል ያስቆጠረው ያለምክንያት አይደለም።

ኃይለኛነቱንስ? እሱንም አልሸሽገውም። በ1970 ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ ክፉ ጥፋት የሠሩብኝን ተጫዋቾች ስም የምይዝባት ትንሽ ጥቁር ደብተር አለችኝ፣ ቀን ጠብቄ ብድሬን እመልሳለሁ አለ። አገር ታመሰ፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጠርቶ ጠየቀው። በደብተሯ ላይ ይህን ያህል መደንገጥ አይገባም ነበር ባይ ነኝ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተከላካይ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ደብተር በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር፤ የጃክ ጥፋት ጮክ ብሎ ማንበቡ ነው።

ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጠራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ወር ሲቀረው ነው፤ በሚያዝያ 1965 ከስኮትላንድ ጋር። አሠልጣኙን አልፍ ራምሴይን ለምን መረጥከኝ ብሎ ሲጠይቀው፣ ራምሴይ በሐሳቤ አንድ የአጨዋወት ሥርዓት አለ፣ ተጫዋቾቼን የምመርጠው ለዚያ እንዲስማሙ ነው፣ ሁልጊዜ የምመርጠው ግን ምርጦቹን አይደለም አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይወጣ ነበር። ጃክ ታሪኩን ዕድሜውን ሙሉ እየሳቀ ሲያወራው ኖረ፤ ሃያ ዓመት ቆይቶም አየርላንድ ላይ ቃል በቃል ሥራ ላይ አዋለው።

የ1966ቱን ፍጻሜ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝ 2 ለ 1 እየመራች፣ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ ዳኛው በጃክ ላይ ቅጣት ምት ነፉበት። ከዚያች ቅጣት ምት ምዕራብ ጀርመን አቻ ሆነች። በጭማሪው ሰዓት ጄፍ ኸርስት ሁለት ጎል ባይጨምር ኖሮ የጃክ ስም ምን ሆኖ ይቀር እንደነበር አስቡት። ፊሽካው ሲነፋ በጉልበቱ ተንበርክኮ አለቀሰ። ወንድሙ ቦቢም አጠገቡ ነበር። በዚያው ዓመት ቦቢን የእንግሊዝ ጋዜጠኞች የዓመቱ ተጫዋች ብለውት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ጃክን መረጡ።

ሊድስን በ1973 ተሰናበተ፤ የሊግ ዋንጫውን፣ የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫውንና ሁለት የአውሮፓ ዋንጫዎችን አንስቶ። ገና ሲጫወት የአሠልጣኝነት ኮርስ ይከታተል ስለነበር ወዲያው ሚድልስብሮን ያዘ። ቡድኑ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ተከታዩን በ15 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያኔ አንድ ድል የሚያስገኘው ሁለት ነጥብ ብቻ እንደነበር አትርሱ። የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝም ተባለ፤ ከላይኛው ዲቪዚዮን ውጭ ያለ አሠልጣኝ ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ምሥጢሩ ምን ነበር? ጃክ በጨዋታ ዘመኑ መጨረሻ ላይ እግሩ ከብዶት ነበር። የዚያ ዘመን ተከላካዮች መስመራቸውን ወደ ፊት ገፍተው አጥቂውን በኦፍሳይድ ያጠምዳሉ። አንድ ፈጣን ሰው ከመሃል ሜዳ፣ ከኦፍሳይድ ነጻ ሆኖ ቢነሳና ኳሱ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ ቢወረወርለትስ? ጃክ በሊድስ እያለ ከዚህ የባሰ የሚፈራው ነገር አልነበረም። ሚድልስብሮ ሲደርስ አለን ፎገን የሚባል ሯጭ አገኘና ያንኑ ሥራ ሰጠው። ፎገን የዚያ ዓመት የቡድኑ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። የጃክ የአሠልጣኝነት ዘመን ሁሉ ከዚህች ሐሳብ የተመዘዘ ነው።

በ1977 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ቦታ ክፍት ሲሆን ማመልከቻ ጻፈ። ማኅበሩ አልተቀበልንህም የሚል ደብዳቤ እንኳ አልላከለትም። ሁለተኛ ለማንም አላመለክትም አለ። ከዚያ ሼፊልድ ዌንስደይን ከሦስተኛው ዲቪዚዮን አወጣ፤ በኒውካስል አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ደጋፊው ሲያላግጥበት ኮቱን አንስቶ ሄደ። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የማልፈው ወደ አየርላንድ ቸኩዬ ነው።

በ1986 መጀመሪያ የአየርላንድ እግር ኳስ ማኅበር አዲስ አሠልጣኝ ለመምረጥ ድምፅ ሰጠ። ሊቨርፑልን ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ቦብ ፔዝሊም ከዕጩዎቹ አንዱ ነበር። ያሸነፈው ጃክ ነው፤ አየርላንዳዊ ያልሆነ አሠልጣኝ። ጊዜውን አስታውሱ። በሰሜን አየርላንድ ደም የሚፈስበት ዘመን ነው፤ እንግሊዛዊ የአየርላንድን ቡድን መምራቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጀመሪያው ጨዋታ ወደ አገርህ ተመለስ የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ጠበቀው። በዌልስ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

በዚያው ዓመት ክረምት የሜክሲኮን ዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ተንታኝነት ተከታተለ። ያየው ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ሲጫወት ነው፤ ኳስ ከኋላ በእርጋታ ይወጣል፣ መሃል ላይ አንድ ጥበበኛ ይቀበለዋል፣ ከዚያ እንቅስቃሴው ይገነባል። አየርላንድ በዚህ ጨዋታ ብራዚልንም ፈረንሳይንም አትበልጥም ብሎ ደመደመ። ስለዚህ እነሱ የማያውቁትን እናጫውታቸው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየርላንድ ተከላካይ ወይም ግብ ጠባቂ ኳሱን በረጅሙ ይለጋል፤ ወደ አጥቂው ራስ ግን አይደለም። ከተጋጣሚው የመስመር ተከላካይ ጀርባ፣ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ነው የሚለጋው። የመስመር ተከላካዩ ዞሮ ይሮጣል። አሁን ፊቱ ወደ ራሱ ግብ ነው፤ ከኋላው የሚያለከልክ አየርላንዳዊ አለ፤ የቡድን ጓደኞቹን አያያቸውም። ወደ ውጭ ካወጣው አየርላንድ እጅ ውርወራ ታገኛለች። ለግብ ጠባቂው ልመልስ ካለ ሊያጥርበት ይችላል። ልሸውድ ካለ ሁለተኛው አየርላንዳዊ ደርሷል። ጃክ ተጫዋቾቹን የሚያዛቸው ያንን ሰው ፋታ እንዳይሰጡት ነበር። ኳስ የሚያምርበት ሰው ይህን ሲያይ ያመዋል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህን የነደፈው ሰው የተከላካይን ቅዠት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጎሎቹን ተመልከቱ። በሰኔ 1988፣ ሽቱትጋርት ላይ፣ አየርላንድ በታሪኳ የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር ስትጀምር የገጠመችው እንግሊዝን ነው። በስድስተኛው ደቂቃ የእንግሊዙ የግራ ተከላካይ ኬኒ ሳንሰም ኳስ ሊያርቅ ብሎ ወደ ላይ አጎናት፤ ጆን አልድሪጅ በግንባሩ አሻገረ፤ ሬይ ሃውተን በግንባሩ አገባ። 1 ለ 0 አለቀ። በ1990፣ ካልያሪ ላይ፣ ተቀይሮ የገባው እንግሊዛዊ ስቲቭ ማክማን ሳጥኑ አፍ ላይ ኳስ ተነጠቀ፤ ኬቨን ሺዲ አገባ። በዚያው ውድድር ከኔዘርላንድስ ጋር፣ ግብ ጠባቂው ፓኪ ቦነር የለጋትን ረጅም ኳስ የኔዘርላንድሱ ተከላካይ ለግብ ጠባቂው ልመልስ ሲል ግብ ጠባቂው ከእጁ አስመለጣት፤ ኒያል ክዊን ተንሸራቶ አስገባት። በ1994፣ ከኒውዮርክ ማዶ ባለው ጃያንትስ ስታዲየም፣ ኳሷን አሳጥሮ በግንባሩ ያወጣት ማን ይመስላችኋል? ፍራንኮ ባሬዚ፣ የዘመኑ የተከላካዮች ሁሉ አለቃ። ሃውተን በደረቱ አብርዶ ከግብ ጠባቂው በላይ ላካት። ጣሊያን 1 ለ 0 ተሸነፈች። አራት ጎል፣ አራት የተጨነቀ ሰው።

ይህ ሥርዓት ከተጫዋቹ ብዙ ይጠይቃል። አልድሪጅን ውሰዱ። በ1987 እና 88 የውድድር ዓመት ለሊቨርፑል 26 የሊግ ጎል ያገባ ሰው ነው። ለአየርላንድ የመጀመሪያ ጎሉን ያገኘው ግን በሃያኛ ጨዋታው ነው። ሥራው ማግባት ስላልነበረ ነው፤ ወደ ማዕዘኖቹ መሮጥ፣ ተከላካዮችን ማሳደድ ነበር ሥራው። አላጉረመረመም አልልም፤ ሮጧል ግን።

ያልሮጡም ነበሩ። ሊያም ብሬዲ ከጁቬንቱስ ጋር ሁለት ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን የሆነ፣ በግራ እግሩ የፈለገውን የሚያደርግ አማካይ ነበር። በጃክ ሥርዓት ውስጥ ግን ኳሷ ከራሱ በላይ ታልፋለች። በመስከረም 1989 ከምዕራብ ጀርመን ጋር በነበረው የወዳጅነት ጨዋታ ጃክ ዕረፍት እንኳ ሳይደርስ፣ ሜዳው በአገሩ ሰው ተሞልቶ፣ ቀይሮ አስወጣው። ብሬዲ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። እዚህ ላይ ከጃክ ጋር አልስማማም። ቢያንስ አርባ አምስቱን ደቂቃ ሊያስጨርሰው ይችል ነበር። ሥርዓቱን ለማስከበር ሰውየውን በአደባባይ ማዋረድ አያስፈልግም ነበር። የአየርላንዱ ጋዜጠኛ ኤመን ደንፊም ይህን ያህል ጥሩ ተጫዋቾች ይዘን ለምን እንደ ደካማ እንጫወታለን እያለ ይሞግት ነበር፤ በ1990ው ዓለም ዋንጫ ከግብፅ ጋር 0 ለ 0 በተለያዩበት ምሽት ቴሌቪዥን ላይ እስክሪብቶውን ወርውሮ ግማሽ አገር ጠላው። ጥያቄው ግን ባዶ አልነበረም።

ጃክ ሰው መያዝ አያውቅም ብላችሁ እንዳትደመድሙ ስለ ፖል ማግራዝ ልጨምር። ማግራዝ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ፣ ጉልበቶቹ ተደጋግመው የተቀደዱ፣ በመጠጥ የሚሰቃይ ተከላካይ ነበር፤ ይህን ሁሉ በግለ ታሪኩ ራሱ ጽፎታል። ጃክ ስሙን እንኳ ሲጠራ ይሳሳት ነበር፤ የሰው ስም አይያዝለትም። ግን ማግራዝ ሲወድቅ አልጣለውም፤ ለጋዜጠኞች ጉልበቱን አሞት ነው እያለ ሸፈነለት፣ አማካይ አድርጎ አጫወተው፣ መለሰው። በጃያንትስ ስታዲየም ሮቤርቶ ባጆን ከጨዋታ ውጭ ያደረገው ያ የተጎዳ ጉልበት ነው። ለብሬዲ ያልነበረው ትዕግሥት ለማግራዝ ከየት መጣ? እኔ የምገምተው ጃክ ከጥበበኛ ይልቅ የሚታገል ሰው እንደሚገባው ነው።

ሌላው የሚነሳበት ነገር ተጫዋቾቹን ያገኘበት መንገድ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ወላጁ ወይም አያቱ ከተወለዱበት አገር ጋር ሊሰለፍ ይችላል። አየርላንድ ደግሞ ለመቶ ዓመታት ልጆቿን ወደ እንግሊዝና ስኮትላንድ ስትልክ የኖረች አገር ናት። ጃክ አያቶችን ፍለጋ ወጣ። አልድሪጅ ሊቨርፑል፣ ሃውተን ግላስጎው፣ የኋላው አምበል ሚክ ማካርቲ ባርንስሊ የተወለዱ ናቸው። ከፊሉ ሕዝብ የተከራየ ቡድን ነው ብሎ ቀለደ። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው፤ እነዚህ የተሰደዱት ሰዎች ልጆች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ሥራ አጥቶ ወደ ለንደን የሚሳፈር የደብሊን ወጣት የአገሩን ማለያ ለብሶ ያየው የስደተኛን ልጅ ነው። እኛም ልጆቻችን ስዊድንና አሜሪካ እያደጉ ነው፤ በአገራችን ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቀድ ግን መንገዱ ለኛ እንደ አየርላንድ ክፍት አይደለም። ይህ ሌላ ንግግር የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

የ1990ው ጉዞ በቁጥር ሲታይ ያስቃል። አየርላንድ አምስት ጨዋታ ተጫወተች፣ ሁለት ጎል አገባች፣ በመደበኛው ሰዓት አንድም ጨዋታ አላሸነፈችም፤ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ሮማኒያን ያለፈችው ጄኖአ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት ነው። የመጨረሻዋን ምት የመታው ዴቪድ ኦሊሪ ነው፤ የቤተሰብ ዕረፍቴን ትቼ አልመጣም ስላለ ጃክ ከሁለት ዓመት በላይ ያገለለው ተከላካይ። ሮም ላይ በጣሊያን 1 ለ 0 ተሸንፈው ሲመለሱ ግማሽ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ደብሊን ላይ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ጃክ አየርላንድ ውስጥ ቢራ ከፍሎ መጠጣት አልቻለም። በቼክ ይከፍላል፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቼኩን ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል ይባል ነበር።

ይህ ዘመን ያበቃው በታኅሣሥ 1995 አንፊልድ ላይ ነው። ወጣቱ ፓትሪክ ክላይቨርት ሁለት ጎል አግብቶ ኔዘርላንድስ አየርላንድን ከ1996ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አስቀረቻት። ተጫዋቾቹ አርጅተው ነበር፤ ጃክም ስድሳ ሞልቶታል። በ94 ጨዋታ 47 ድል፣ 30 አቻ፣ 17 ሽንፈት ትቶ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ተመለሰ። አየርላንድ በ1996 የክብር ዜግነት ሰጠችው።

ጃክ በሐምሌ 2020 በ85 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካንሰር ብቻ ሳይሆን የመርሳት በሽታም ይዞት ነበር። የ1966 ጓደኞቹ ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስ በዚሁ በሽታ ተይዘው ነው ያለፉት፤ በ2023 የሞተው ወንድሙ ቦቢም እንዲሁ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው፣ አንጎልን በሚያመነምኑ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል እጥፍ እንደሚሆን በ2019 አሳወቁ። በ2021 ደግሞ በቦታ ለይተው አዩት። ግብ ጠባቂዎች ከሌላው ሰው ብዙም አይለዩም፤ ተከላካዮች ግን አምስት እጥፍ ገደማ። የጃክን ሕመም ያመጣው በግንባሩ የመታው ኳስ ነው ብሎ መማል አይቻልም። በሙያው ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው የማን ቦታ እንደሆነ ግን ቁጥሩ ይናገራል።

የጃክ ጨዋታ ዛሬ ይሠራ ነበር ወይ? ተብዬ እንደምጠየቅ ስለማውቅ ከአሁኑ ልመልስ። ግማሹ እየሠራ ነው። ተጋጣሚን በራሱ ሜዳ ማስጨነቅ፣ ተከላካዩ ዞሮ ሳያይ መንጠቅ ዛሬ ትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች የሚኮሩበት ጨዋታ ነው፤ ያኔ ሲነቀፍ የነበረውን ዛሬ እያጠኑ ይማሩታል። ሌላው ግማሽ አልቋል። ያኔ ሲጠበቡ ኳስ ለግብ ጠባቂ መልሶ በእጁ ማስያዝና ትንፋሽ መሰብሰብ ይቻል ነበር። ከ1990ው አሰልቺ ውድድር በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ፣ ጓደኛው በእግሩ ሆን ብሎ የመለሰለትን ኳስ ግብ ጠባቂ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። ቦነር ከግብፅ ጋር ደጋግሞ ያደረገው ዛሬ ያስቀጣል። በግንባር መምታቱም ተገድቧል። በእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሕፃናት በልምምድ ኳስ በግንባራቸው እንዳይመቱ በ2020 መመሪያ ወጣ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች በልምምድ በሳምንት ከአሥር በላይ ኃይለኛ ኳስ በግንባሩ እንዳይመታ ይመከራል። ጃክ የሳምንቱን ድርሻውን ሰኞ ጠዋት፣ ገና ላብ ሳይወጣው በጨረሰ ነበር።

ቀሪውን ጥያቄ ከእናንተ ልስማ።